አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቷቸው ነበር

የተከበሩ ፕሬዚዳንታችን ዳኛ ወርቅአገኘሁ፣ ክቡራን ዳኞች፣ ባልደረቦቼ የችሎት ጸሐፊዎች፣ የጥበቃና የጽዳት ወንድም እህቶቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

በመጀመሪያ ስለ መሸኛ ግብዣው አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ነው፤ ብርዱም እንደምታዩት ነው። ቤታችሁ ተኝታችሁ ማርፈድ ስትችሉ ለእኔ ብላችሁ ወጥታችኋል። ስለ ጋቢውም እግዚአብሔር ያልብሳችሁ። ጥለቱን ማን እንደመረጠው አውቄአለሁ፤ ይህ የአልታየች ዓይን ነው።

አልታየች፣ ወንበሩን ግን ትንሽ አርቂልኝ። ተቀምጬ አልናገርም። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት ስሠራ ብዙውን በሬጅስትራር መስኮት ተቀምጫለሁ፤ ይበቃል። ደግሞ ስቀመጥ ልቤ አይረጋም። ወዲያ ወዲህ ብል ታገሡኝ፤ ከመድረኩ እንዳልወድቅ ብቻ ጠብቁኝ።

ፕሮግራሙ ላይ «አዝናኝ ገጠመኞች» የሚል አይቻለሁ። እሺ፣ አንድ ልንገራችሁ። ከለሚ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መጥሪያ ደርሷቸው ነው። መጥሪያ ያው «ተከሰሃልና በዚህ ቀን ቅረብ» የሚለው ወረቀት ነው። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጭራቸውን ይዘው መስኮቴ ላይ ቆሙና «ልጄ፣ ጠሪዎቹ የት ናቸው?» አሉኝ። «ማን ነው የጠራዎት?» ብላቸው ወረቀቱን አሳዩኝ። ለካ ሰርግ መስሏቸዋል! «ማኅተም አስመትተው ከጠሩኝማ እንዴት እቀራለሁ?» አሉ።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያወራሁ ስቄበታለሁ። አሁን አሁን ግን አያስቀኝም። ሽማግሌው አማርኛ ያውቃሉ፤ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ታዲያ የእኛን ወረቀት መረዳት ለምን አቃታቸው? በገዛ ቋንቋቸው እንግዳ ያደረግናቸው እኛ አይደለንም ወይ?

ይህን የምለው በምክንያት ነው። የግል ማኅደሬ ውስጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህን የሚያውቅ ከመካከላችሁ ሁለት ሦስት ሰው ቢሆን ነው። ሳልነግራችሁ ይህን ጋቢ ደርቤ ብሄድ አይሞቀኝም።

ነገሩ ከሆነ ስምንት ዓመት አልፎታል። ወደ ደብረ ብርሃን ከመዛወሬ በፊት በአንድ ወረዳ ስሠራ ነው። የወረዳውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የወረዳው አይደለም።

ሰውየው ዘይኑልአቢዲን ይባላሉ። የአሊዩ አምባ ሰው፣ ሸማኔ ናቸው። ያን ጊዜ ወደ ስድሳው ይጠጋሉ። አንድ የካቲት 12 ቀን ሸማቸውን ተሸክመው በእኛ ወረዳ በኩል ወደ ገበያ ሲያልፉ፣ ከመንገዱ በላይ አንድ ሰው ለግንባታ የሚሆን ድንጋይ በድማሚት ያስፈነዳ ነበር። መንገደኛ የሚያስቆም ሰው አላቆመም። «ራቁ» ብሎ የጮኸም የለም። ድንጋዩ ቁልቁል ተንከባሎ ቀኝ እግራቸውን ከቁርጭምጭሚታቸው ላይ አደቀቀው።

እዚህ ያላችሁ የሕግ ሰዎች ይህን «ከውል ውጪ የሆነ ኃላፊነት» ትሉታላችሁ። ለጥበቃና ለጽዳት ወዳጆቼ በእኛ አፍ ልንገራቸው። ዘይኑልአቢዲንና ድንጋይ አስፈንጂው አይተዋወቁም፤ አልተዋዋሉም፤ አልተበዳደሩም። ሆኖም አንዱ ሊጠነቀቅ ሲገባው ስላልተጠነቀቀ ሌላው ተጎዳ። ውል ባይኖርም የጎዳ ሰው የጎዳውን ይክሳል። ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ዓመት በሐኪም ቤት አለቀ። ሁለተኛው ዓመት በሽማግሌ አለቀ። ድንጋይ አስፈንጂው «እንታረቃለን፣ ትንሽ ታገሡኝ» እያለ ሽማግሌ ያመላልስባቸዋል። መታረቅ የሚወዱ ሰው ስለሆኑ ታገሡ። በመጨረሻ ሲሰለቻቸው ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄደው ማመልከቻ አስጻፉና በምርኩዝ እየተደገፉ፣ ሁለት መኪና ቀይረው መጡ። ጥር 23 ቀን። ቀኑን እንዳልረሳው ተረግሜያለሁ መሰለኝ።

ገበያ ቀን ነበር፤ ሰልፉ እስከ በሩ ድረስ ደርሷል። ወረቀታቸውን ተቀበልኩ። «ከሳሽ» በሚለው ቦታ «ተበዳይ» ተብሎ ተጽፏል። በተከሳሹ ቦታ ደግሞ «ድንጋይ የሚያፈነዳው ሰውዬ» ይላል። አድራሻ የለውም።

«ይሄ አይሆንም፤ ከሳሽ ማነው?» አልኩ።

«ከሳሽ የለም እህቴ።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

ልብ በሉ፤ አባቴ የሚሆኑትን ሰው ነው አንተ የምለው። እሳቸው ግን እርስዎ ነበር የሚሉኝ።

«ተጎድቼ ነው። እኔ በዕድሜዬ ሰው ከስሼ አላውቅም። ተበዳይ ብለው ይጻፉኝ።»

ሰልፈኛው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «እዚህ ቤት ከሳሽና ተከሳሽ እንጂ ተበዳይ የሚባል የለም። የሰውየውን ስም እስከ አያቱ፣ አድራሻውን ጨምረህ፣ አስተካክለህ ና» አልኳቸው።

«መቼ ልምጣ?»

«ሲስተካከል!» አልኩና ወረቀቱን በመስኮቱ መለስኩላቸው። ማኅተም አላደረግሁበትም። በመዝገብ አልያዝኩትም። «ተመላሽ» ብዬ እንኳ አልጻፍኩበትም። ቀጥሎ ያለውን ሰው ጠራሁ።

መቼ ልምጣ ብለው ነበር እኮ የጠየቁኝ! ማመልከቻው ላይ የካቲት 12 ተጎዳሁ የሚለውን አንብቤዋለሁ። እንዲህ ባለ ጉዳት የሚቀርብ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት አውቃለሁ። በጭንቅላቴ ቆጥሬዋለሁም፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቷቸው ነበር። አላየሁም ብዬ አልምልም። «ሬጅስትራር ምክር አይሰጥም» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ደንቡ ነው አልኩ። ሰልፉ ረጅም ነው አልኩ። ሰው ዝም ለማለት ሲፈልግ ምክንያት ያጣል እንዴ?

ተመልሰው የመጡት የካቲት 26 ነው። ለካ የሰውየውን ሙሉ ስም ለማግኘት ድንጋዩ ከሚፈነዳበት ቦታ ድረስ ሁለት ጊዜ ወጥተዋል፤ ሠራተኞቹ አንነግርዎትም ብለዋቸዋል። በዚያ ላይ ቁስሉ አገርሽቶባቸው ሳምንት ተኝተዋል። አሁን ወረቀቱ ተስተካክሏል። «ከሳሽ» የሚለው ከስማቸው ፊት በደማቁ ተጽፏል። መዝገብ ከፈትኩላቸው።

የተከሳሹ ጠበቃ መልስ ሲያቀርብ ስለ ድንጋዩም ስለ እግሩም አንድ ቃል አልተናገረም። በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አንዲት ቃል ብቻ አመጣ፤ ይርጋ።

ችሎቱን ያስቻሉት ዳኛ ቴዎፍሎስ ነበሩ። ጸሐፊዋ ወልዳ ስለነበር ቃል የምጽፈው እኔ ነኝ።

«ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው የመጡት፤ ምን ይላሉ?» ሲሉ ዳኛው ጠየቁ።

«ቀድሜ መጥቼ ነበር ክቡር ዳኛ። አስተካክል ተብዬ ነው የተመለስኩት።»

«ማስረጃ አለዎት?»

«ወረቀት አልተሰጠኝም።»

«ማን ነው የመለሰዎት?»

ዘይኑልአቢዲን ወደ እኔ ተመለከቱ። ጣታቸውን አልቀሰሩም። «ይህቺ ናት» አላሉም። «ሰው ማጋለጥ አልወድም» አሉ። እኔስ? አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩ። «ማስረጃ የለኝም ብለዋል» ብዬ በዚህ እጄ ጻፍኩ።

ክሱ በይርጋ ቀሪ ሆነ፤ መዝገቡ ተዘጋ።

ሰው ሁሉ ሲወጣ እሳቸው በምርኩዛቸው ቀስ ብለው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ባለቤታቸው ሀፊዛ ከኋላቸው ቆማለች።

«እህቴ፣ ይርጋ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ጊዜው አልፏል ማለት ነው።»

«የምኑ ጊዜ?»

«ክስ የማቅረቢያው።»

አሰቡ፣ አሰቡና «እግሬ ግን አሁንም ያመኛል» ብለው ወጡ። ሀፊዛ ግን ወደ ኋላ ቀረች። አየችኝ ብቻ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው መቀመጥ ያቃተኝ። ወንበር ላይ እሾህ ያለ ይመስለኛል። ቢሮ ስገባ እወጣለሁ፤ ስወጣ እገባለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቅዳሴ እስኪያልቅ አልጸናም፤ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፣ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ቀላል ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «የተዘጋው በር እኔ ጋ አይደለም ልጄ። የዘጋሽበት ሂጂ» አሉኝ።

ይግባኝ የሚባለው በስልሳ ቀን ውስጥ ነው። ሃምሳ አንደኛው ቀን ላይ ፈቃድ ጠይቄ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ ወረድኩ። ያቺን ቁልቁለት የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ጤነኛ ጉልበት የያዝኩት እኔ በስንት መከራ ደረስኩ፤ እሳቸው በዚያች እግራቸው ስንቴ ወጥተው ስንቴ ወርደዋል?

ቤታቸውን ጠይቄ ገባሁ። ሸማ የሚሠሩበት ጉድጓድ በሳንቃ ተከድኗል፤ ሳንቃው ላይ የማሽላ ጆንያ ተቀምጦበታል። ዘይኑልአቢዲን አወቁኝና «ግቢ፣ ግቢ» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አሉኝ፤ ያኔ ቤተሰብ የሆንኩ መሰለኝና እንባዬ መጣ።

«ጥር 23 ቀን መምጣትዎን አውቃለሁ። ጊዜው እያለቀ መሆኑንም አውቄ ነበር። ሳልነግርዎት መለስኩዎት። ይግባኝ ይበሉ፤ ዘጠኝ ቀን አለዎት። እኔ ያደረግሁትን በመሐላ እጽፋለሁ» አልኩ በአንድ ትንፋሽ።

ሀፊዛ ከጓዳ ወጣች።

«ያን ቀን ችሎት ላይ አፍ አልነበረሽም?»

«ሀፊዛ፣ ተይ። እንግዳ ናት» አሉ እሳቸው።

«ወላሂ አልተውም! እኛ እዚያ ስንቆም ማን እንግዳ ብሎን ነው?»

እውነቷን ነው። ውሃ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁና ወጣሁ።

በማግስቱ ዳኛ ቴዎፍሎስ ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ይመኙሻል፣ መዝገቡ የማያውቀውን እኔ ከየት አውቀዋለሁ?» አሉኝ። «አንቺ ግን እዚያው ከእግሬ ሥር ተቀምጠሽ ታውቂ ነበር።»

«አዎ፣ ክቡር ዳኛ።»

«ጻፊው። ራስሽን የሚያምር አታድርጊ፤ እንደሆነው ጻፊው።»

ጻፍኩት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከመስኮት ተነሥቼ የተዘጉ መዝገቦች ክፍል ሁለት ዓመት አቧራ ጠጣሁ። አይቆጨኝም። ይልቅ እዚያ ክፍል ውስጥ ስንት በይርጋ የተዘጋ መዝገብ እንዳለ ያየሁት ያኔ ነው። እያንዳንዱን ስከፍት «ይሄንንስ መስኮት ላይ ማን መልሶት ይሆን?» እላለሁ። ምናልባት እኔ። የማላስታውሰው ስንት ይሆን?

ይቅርታ፣ ውሃ ልጎንጭ።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሥር ውሳኔውን ሻረው። ሰውየው በጊዜው መጥተው የተመለሱት በራሳቸው ጥፋት አይደለም፤ ክሳቸው ይሰማ ብሎ መዝገቡን ወደ ታች መለሰው። ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ሙግት የተጀመረው።

ዳኛ ቴዎፍሎስ ጭብጥ ያዙ። ጭብጥ ማለት ክርክሩ የሚያርፍበት ጥያቄ ነው። ተከሳሹ አጥፍቷል ወይ? ከሳሹ ተጎድተዋል ወይ? ጉዳቱ የመጣው በዚያ ጥፋት ነው ወይ? እኔ ያን ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ እንደማንኛውም ሰው ከኋላ አግዳሚ ላይ ነበርኩ፤ በግማሽ ቂጤ ተቀምጬ ማለት ይቀላል።

ሀፊዛ ምስክር ሆና ቀረበች። ጠበቃው ተነሣ፤ ጥሩ ሱፍ የለበሰ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው።

«ባለቤትዎ አሁን በምርኩዝ ይሄዳሉ፣ አይደል?»

«ይሄዳል።»

«ሥራቸው ሸማ መሥራት ነው?»

«አዎን።»

«መወርወሪያውን የሚወረውሩት በምናቸው ነው?»

«በእጁ ነዋ።»

«እጃቸው ተጎድቷል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እጁ ደህና ነው።»

ጠበቃው ወደ ዳኛው ዞሮ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ በእጁ የሚሠራ ሰው እጁ ደህና ከሆነ ከሥራ የተስተጓጎለበት ጉዳት የለም» አለና ተቀመጠ። ደስ ብሎታል። አዳራሹም ያመነው መሰለኝ፤ እኔ ራሴ ደነገጥኩ።

ሀፊዛ ግን ከምስክር መቆሚያው አልወረደችም።

«ክቡር ዳኛ፣ እርስዎ ሸማ ሲሠራ አይተው ያውቃሉ?»

«ጥያቄ የምንጠይቀው እኛ ነን» አሉ ዳኛ ቴዎፍሎስ፤ ቀጥለው ግን «አላየሁም። ያሳዩኝ» አሉ።

እዚያው የመቆሚያው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። እግሮቿን ወደ ታች ሰደደች፤ እጆቿን ከፊቷ ዘረጋች። በቀኝ እግሯ ረገጠች፤ «አሁን ድሩ ተከፈተ» አለች። በእጇ እንደ መወርወር አደረገች። በግራ ረገጠች፤ «አሁን በሌላ በኩል ተከፈተ።» መለሰች። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። የእግሯ ኮቴ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ቀኝ እግሯን ድርቅ አድርጋ አቆመችው። እጇን ወረወረች። «ይኸው አልተከፈተም። መወርወሪያው በየት ይለፍ? ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲረግጥበት የኖረው እግር ነው የደቀቀው።»

ጠበቃው ወረቀቱን አገላበጠ። ዳኛው «ይመዝገብ» አሉ። እኔ አለቀስኩ፤ ደግነቱ ከኋላ ነበርኩ።

ተፈረደላቸው። ካሳ ተወሰነላቸው። እሱን ለማስፈጸም ደግሞ ሌላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሄደ፤ አፈጻጸም ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሁሉም ሲያልቅ ላነጋግራቸው ሄድኩ። በገበያው ዳር ድርና ማግ የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ ከፍተዋል።

«ካሳ ማለት የጎደለውን መሙላት ነው ብለውኛል። እውነት ነው?» አሉኝ።

«ሕጉ እንደዚያ ነው የሚለው ጋሼ ዘይኑልአቢዲን።»

«ሱቁን ሞልቷል» አሉ ፈገግ ብለው። «እግሬ ግን ቁጭ ባልኩበት ይረግጣል። ምን እንደሚረግጥ አላውቅም።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «እኔ አውፍ ካልኩሽ ቆየሁ» አሉ። ሀፊዛ ድሩን እየጠቀለለች ነበር። ቀና ሳትል «እሱ ብሎሻል። እኔ ገና ነኝ» አለችኝ።

እስከ ዛሬ ገና ናት። አልቸኩልባትም።

አሁን መስኮት ላይ በመደባችሁኝ ጊዜ ሁሉ ለምን እንደዚያ እንደምሆን ገብቷችሁ ይሆናል። «ወይዘሮ ስንት ቀን ቀረዎት» የሚል ስም እንዳወጣችሁልኝ ሰምቻለሁ፤ ዳኛ ወርቅአገኘሁ፣ እርስዎም ሲሉት ሰምቻለሁ! የሚመለስ ወረቀት ሁሉ ላይ ቀን የምጽፈው፣ ከሳሽ ማለት ክፉ ሰው ማለት እንዳልሆነ ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ የማስረዳው፣ ሰልፉን የማስረዝመው ለዚህ ነው። ጥብቅና አይደለም። ማን ያሸንፋል ብሎ መምከር የጠበቃ ነው። በሩ መቼ እንደሚዘጋ መናገር ግን የበረኛ ሥራ ነው፤ እኛ በረኞች ነን።

አልታየች፣ ከሰኞ ጀምሮ መስኮቱ ያንቺ ነው። ኮምፒውተሩን ከእኔ በአሥር እጥፍ ታውቂዋለሽ። ግን ኮምፒውተሩ «መቼ ልምጣ?» የሚል ሰው አይሰማም። አንቺ ስሚልኝ።

ዳኞቼ፣ ፍርዳችሁን ስታነቡ አንዴ ቀና በሉ። ይርጋ፣ መቃወሚያ፣ ቀሪ፣ ተመላሽ ስትሉ ፊታቸውን እዩ። ካልገባቸው አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። አንዲት ብቻ። ምን ይጎዳችኋል?

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ከዚያ ወደ ምግባችሁ።

ሐሙስ ዕለት ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ይመኙሻል ነሽ?»

«ነኝ።»

«ሀፊዛ ነኝ። ጡረታ ወጣሽ አሉ።»

በስምንት ዓመት ውስጥ ስትደውልልኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«አዎ፣ ወጣሁ።»

«እንግዲያው ጊዜ አለሽ። ሲቲ የምትባል ጎረቤቴ በሚሠራ ቤት ሥር ስታልፍ ግንብ ተንዶባት ትከሻዋ ተሰብሯል። ባለቤቱ ሽማግሌ እየላከ ያባብላታል። ዓመት ከአሥር ወር ሆኖታል። ክሰሺ ስላት ከሳሽ አልባልም ትለኛለች። ምን ልበላት?»

«ምንም አትበያት። እኔ እመጣለሁ።»

 

«መቼ?»

«ቅዳሜ መሸኛ አዘጋጅተውልኛል፤ እሑድ—»

«ከመሸኛው በኋላ ነዋ!» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ስለዚህ ክቡራትና ክቡራን፣ ምሳውን አብሬያችሁ ባልበላ አትቀየሙኝ። መኪናው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል፤ ሲቲ ደግሞ ስልሳ ቀን እንኳ አልቀራትም።

በደጃችሁ የሚቆመው ሰው ቀኑ ሳያልፍበት ይድረስ። የምትጽፉት ሁሉ የማታፍሩበት ይሁን። ልጆቻችሁ ይደጉ፣ የታመመ ይነሣ፣ የተጣላ ከችሎት በፊት ይታረቅ። አላህም እግዚአብሔርም እጃችሁን ለእውነት ያበርቱት። በየተራችሁ ለጡረታ ስትበቁ እንቅልፋችሁ የሰላም ይሁን።

በሉ፣ መንገድ ልቀቁልኝ።